የጡንቻ ሕመም ሁሉ የእርጅና አይደለም

በየቤታችን አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ጭናቸውን ይዘው ከአልጋ ሲነሡ «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ይላሉ። እኛም «ብርድ ይሆናል» ብለን፣ በቅቤ አሽተንና እግራቸውን ሸፍነን እናልፈዋለን። ብዙ ጊዜ ነገሩ እንደተባለው ሊሆን ይችላል። ሕመምተኛው የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት አንድ ላይ የሚወስዱ ከሆነ ግን፣ ከቅቤው በፊት ክኒኖቻቸውን ማየት ይገባል።

አንዲት የማውቃቸው እናት ለግፊታቸው አምሎዲፒን የተባለውን ክኒን ለዓመታት ሲወስዱ ቆይተዋል። ከጊዜ በኋላ በሌላ ሕክምና ቤት ደማቸው ሲመረመር ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ ስለተገኘ፣ ሲምቫስታቲን 40 ሚሊግራም ታዘዘላቸው። የግፊቱን ክኒን ለአዲሱ ሐኪም አላሳዩም፤ የጠየቃቸውም አልነበረም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለቱም ጭኖቻቸው ይቆረጥሟቸው ጀመር፤ ከበርጩማ ለመነሣት እንኳ ደጋፊ አስፈለጋቸው። ልጃቸው ክኒኖቹን ሁሉ በፌስታል ሰብስባ መድኃኒት ቤት ባትወስድ ኖሮ፣ ነገሩ «ብርድ ነው» እንደተባለ ይቀር ነበር። የመድኃኒት ባለሙያው ሁለቱን ስሞች እንዳነበበ ወደ ሐኪም ላካቸው። መድኃኒታቸው ተለወጠ፤ እግራቸውም ቀስ በቀስ ዳነ።

ለመሆኑ ሁለቱ ክኒኖች ምን አጣላቸው? ሲምቫስታቲን ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ከሰውነት የሚወገደው በአንጀትና በጉበት ውስጥ በሚገኝ ኢንዛይም ተሰባብሮ ነው። አምሎዲፒን ይህን ኢንዛይም በመጠኑ ያዳክመዋል፤ ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም የተባሉት የግፊት መድኃኒቶች ደግሞ ይበልጥ ያዳክሙታል። የእቃ ማጠቢያ ቱቦ በከፊል ሲደፈን ውኃው እንደሚጠራቀም ሁሉ፣ መድኃኒቱም በደም ውስጥ ይጠራቀማል። የተዋጠው ክኒን ያው ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት የሚያገኘው መጠን ከታሰበው በላይ ይሆናል ማለት ነው። ጡንቻን የሚጎዳውም ይኸው ትርፉ ነው።

በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው የሲምቫስታቲን መጠኑ በቀን ከ20 ሚሊግራም እንዳያልፍ፣ ቬራፓሚል ወይም ዲልቲያዜም የሚወስድ ደግሞ ከ10 ሚሊግራም እንዳያልፍ አሳስቧል። ይህ ሲባል ግን የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት ሁሉ አይስማማም ማለት አይደለም። አቶርቫስታቲንና አምሎዲፒን በአንድ ክኒን ተቀላቅለው እስከ መሠራት ደርሰዋል። ሮሱቫስታቲንና ፕራቫስታቲን የሚወገዱት በሌላ መንገድ ነው። ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባሉት የግፊት መድኃኒቶችም ያን ኢንዛይም አያዳክሙም። ስለዚህ ሐኪሙ ሁሉንም ካወቀ የሚመርጠው አያጣም።

ከባድ የጡንቻ ጉዳት በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ አይደለም። ሲደርስ ግን የተጎዳው ጡንቻ እየፈረሰ ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊትንም ያውካል። ጡንቻው ያለ ምክንያት ቢያም፣ ሲነካ ቢቆጠቁጥ ወይም ቢዝል ለሐኪም ይነገር። ሽንት እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ ወይም ሕመምተኛው መነሣት ካቃተው ግን፣ ለነገ ሳይባል በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስባችሁ። ይህን አንብባችሁ የእናታችሁን ክኒን እንዳትጥሉ! እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ የታተመው፣ በስካንዲኔቪያ አገሮች 4,444 የልብ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት፣ ሲምቫስታቲን በወሰዱት ዘንድ የመሞት አደጋ በ30 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። የግፊት መድኃኒትን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥም ለአንጎል ደም መፍሰስ ያጋልጣል። የሚለወጠውን የሚለውጥ፣ የሚቀነሰውን የሚቀንስ ሐኪሙ ነው።

ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ለጨጓራ ባክቴሪያ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ክላሪትሮማይሲን፣ ያንኑ ኢንዛይም በእጅጉ ስለሚያዳክም ከሲምቫስታቲን ጋር ጨርሶ አይወሰድም። አምሎዲፒንንም በደም ውስጥ ስለሚያበዛ ግፊትን ከመጠን በላይ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። «ለጨጓራ ነው እንጂ ለልብ አይደለም» ብሎ መዝናናት አይገባም።

እንግዲህ እህቶቼ፣ ከእኛ የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከመድኃኒት ቤት በቀጥታ የተገዛውንና የባህሉንም ጭምር፣ በአንድ ከረጢት እናኑር። የመድኃኒቱን ስምና ሚሊግራሙን በወረቀት እንጻፍ፤ የካርቶኑ ቀለም ፋብሪካው በተለወጠ ቁጥር ስለሚለወጥ አያስተማምንም። ወደየትኛውም ሐኪም ሲኬድ ከረጢቱ አብሮ ይሂድ፤ «እነዚህ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ?» ብሎ መጠየቅም ነውር የለበትም። ለማርገዝ ያሰበች ወይም ያረገዘች እህት ደግሞ ሳትውል ሳታድር ለሐኪሟ ትንገር፤ ኤናላፕሪልና መሰሎቹ ፅንስን ይጎዳሉ፤ የኮሌስትሮል መድኃኒትም ብዙውን ጊዜ በእርግዝና ወቅት እንዲቆም ይደረጋል።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። የሚወስደውን መድኃኒት ከሐኪሙ የደበቀም ከዚያ የተሻለ ዕድል የለውም። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ የእናታችሁን ወይም የአባታችሁን ክኒኖች አስመጡና ስማቸውን አንብቡ፤ ጭናቸውንም «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?» ብላችሁ ጠይቋቸው።