ስንዴ ማደል ማቋቋም አይደለም

ባለፈው እትም አንድ ጓደኛችን «ሕጉስ ሞልቷል፤ የቸገረን ገንዘብ ነው» ብሎ ጽፏል። ሕጉን አንብቦት ይሆን? እኔ እንጃ! እስቲ ሕገ መንግሥቱን ገልጦ አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 3ን ይመልከት። መንግሥት አደጋ እንዳይደርስ ይከላከላል፣ ከደረሰም ለተጎጂው በወቅቱ እርዳታ ያደርሳል ይላል። አለቀ። ቤቱ የተቃጠለበት፣ በሬው የተነዳበት ገበሬ ከእርዳታው በኋላ ምን ይሁን? ዝም! የተፈናቀለ ሰው ካሣ የሚነሳው አንቀጽ 44 ላይ ነው፤ እሱም መንግሥት በሚያካሂደው ፕሮግራም ለተነሣ ብቻ። እንግዲህ ግድብ ያስነሣው ካሣ አለው፣ ጥይት ያባረረው ስንዴ አለው ማለት ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ ቻግኒን ያስብ። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ነፍሱን ይዞ የሸሸው ሕዝብ በአሥር ሺዎች ሆኖ ጓንጓ ወረዳ፣ ራንች፣ ሸራ ሥር ሰፈረ። የአዊ ገበሬ ካለው አካፍሏል፤ ማን ይክዳል? ግን የጎረቤት እንጀራ የሕግን ቦታ አይሸፍንም።

የመሥሪያ ቤቱንም ስም ልብ በሉ። በ1966 የወሎ ረሃብ ሲጋለጥ የተቋቋመው «የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን» ነበር። በ1987 «የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት» ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ «የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር» ይባላል። «ማቋቋሚያ» የምትባለዋ ቃል የት ወደቀች?

«በዚያችው ቃል ስም አይደል እንዴ ደርግ በ1977 እና 78 የወሎን፣ የከምባታን፣ የሐዲያን ሰው ጭኖ በለስ ያራገፈው?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ከሰፋሪው ብዙው ፈቃዱን አልተጠየቀም፤ መሬቱ የተወሰደበትን ጉሙዝማ ማን ዞር ብሎ አየው! እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ቃሏ ብቻዋን አትበቃም፣ ተፈናቃዩም ተቀባዩም አፍ የሚያገኙበት ሕግ ይኑር።

አለ እኮ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ የካምፓላው ስምምነት በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1187 ጸድቋል። መመለስን፣ እዚያው መቅረትን ወይም ሌላ ቦታ መሄድን ተፈናቃዩ ራሱ እንዲመርጥ፣ ካሣም የሚያገኝበት ሥርዓት እንዲበጅ ያዛል። በወረቀት ግሩም ነው! ታዲያ ከራንች የወጣች አንዲት ባልቴት ይህን አዋጅ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ብትመጣ በየትኛው መስኮት ትቁም? ማመልከቻዋን ማን ይቀበላት? የቡለን ማሳዋን ማን ይመስክርላት፣ ካሣዋንስ ከየትኛው በጀት? ጓደኛችን ሕጉ ሞልቷል ካለ፣ በሚቀጥለው እትም መስኮቱን ያሳየን።