የቤዝቦል ጨዋታ በቤት ኮምፒዩተርና የተጫዋቾቹ ፍርድ

አንድ ጨዋታ ለገበያ በወጣ ጊዜ የሠራው ኩባንያ ያመሰግነዋል፤ ነጋዴውም እንዲሸጥለት ያሞግሰዋል። ዋጋውን ከፍሎ ወደ ቤቱ ያስገባውና ከእራት በኋላ ከልጆቹ ጋራ የተጫወተበት ሰው የሚሰጠው ፍርድ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ይህ ፍርድ የሚሰማው ዘግይቶ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ አድማጭ አያገኝም። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን የምንጽፈው ስለዚሁ ስለ ዘገየው ፍርድ ነው። ለምሳሌም የመረጥነው አሜሪካኖች እጅግ የሚወዱት ቤዝቦል በቤት ኮምፒዩተር በምን አኳኋን እንደ ተሠራ፥ ይልቁንም በ2005 የወጣው አንዱ ጨዋታ ከብዙዎቹ ተለይቶ በተጫዋቾች ዘንድ ስለ ምን እንደ ተወደደ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ቤዝቦልን ላላየ ሰው አስቀድመን ባጭሩ እንግለጽ። በዱላና በኳስ የሚደረግ ስለ ሆነ የእኛን የገና ጨዋታ ያስታውሳል፤ ነገር ግን በገና ሁለቱ ወገኖች ባንድነት ተደባልቀው ሲሻሙ፥ በቤዝቦል አንድ ወርዋሪ ከአንድ መቺ ጋራ ለብቻቸው ይጋጠማሉ። ወርዋሪው የሚቆምበት ስፍራ 18 ሜትር ከ44 ሳንቲሜትር ያህል ይርቃል፤ ፈጣን ወርዋሪ የለቀቀው ኳስም ግማሽ ሴኮንድ ሳይሞላ ይደርሳል። መቺው በዚያች ቅጽበት ኳሱ ቀጥ ብሎ የሚመጣ፥ ወይም የሚታጠፍ፥ ወይም ሆን ተብሎ የዘገየ መሆኑን ለይቶ መምታት ወይም መተው አለበት። ሦስት ጊዜ ቢስት፥ ወይም መልካሙን ኳስ ዝም ብሎ ቢያሳልፍ፥ ተራውን ያጣል። ወርዋሪው ግን ከተወሰነው ስፍራ ውጭ አራት ጊዜ ቢወረውር፥ መቺው ምንም ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ በነጻ ይሄዳል። ይህችን የነጻ መንገድ አንባቢ ያስታውሳት፤ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

እንግዲህ እያንዳንዱ ግጥሚያ ለብቻው ስለ ሆነ እያንዳንዱ ይቈጠራል። ዛሬ በአሜሪካ በከፍተኛው ደረጃ ያሉት 30 ቡድኖች እያንዳንዳቸው በዓመት 162 ጊዜ ይጫወታሉ፤ ማን ስንት መታ፥ ማን ስንት ሳተ የሚለው ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል። ጋዜጦችም ይህን ቍጥር ማተም የጀመሩት ከ19ኛው መቶ ዓመት አንሥቶ ነው። ኮምፒዩተር ደግሞ ከቍጥር በቀር ሌላ ምግብ የማያውቅ መሣሪያ ነውና ሁለቱ ሳይተዋወቁ የቆዩ ዘመዶች ናቸው ማለት ይቻላል።

በ1971 በካሊፎርኒያ በፖሞና ኮሌጅ ይማር የነበረ ዶን ዳግሎው የተባለ ተማሪ፥ በግለሰብ ቤት ሊገባ በማይችል ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ የቤዝቦል ጨዋታ ጻፈ። ሥዕል አልነበረውም፤ ተጫዋቹ ትእዛዙን በፊደል ይሰጣል፥ መልሱም በጽሑፍ ይመጣለታል። ይኸው ሰው ከ16 ዓመት በኋላ፥ በ1987፥ ከኤዲ ዶምብሮወር ጋራ ሆኖ ኧርል ዊቨር ቤዝቦል የተባለውን ጨዋታ ለቤት ኮምፒዩተር አወጣ። ኧርል ዊቨር የባልቲሞር ቡድን አሠልጣኝ የነበረ፥ በ1970 ቡድኑን ለታላቁ ዋንጫ ያበቃ፥ ከዳኞች ጋራ በመጣላትም ስሙ የታወቀ ሰው ነው። እያንዳንዱ መቺ በእያንዳንዱ ወርዋሪ ላይ ምን እንዳደረገ በካርድ ላይ እየጻፈ ይይዝ ነበር። ሠሪዎቹም የሰውዬውን ሐሳብ ጠይቀው ተረድተው አሳቡን በጨዋታው ውስጥ አኖሩት። ስለዚህ ብቻውን የሚጫወት ሰው ከመሣሪያ ጋራ ሳይሆን አንድ ጠንቃቃ ሽማግሌ ከወዲያ ማዶ ተቀምጦ የሚጋጠመው ይመስለው ነበር። ተጫዋቾቹም ጨዋታውን የወደዱት ከሥዕሉ ይልቅ ስለዚህ ነገር ነው።

ከዚያም ወዲህ ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ተከፍለዋል፤ እኛ አንደኛውን ባለ እጅ፥ ሁለተኛውን ባለ ሒሳብ ብለን እንጥራው። ባለ እጁ ኳሱን ራሱ ሊወረውር፥ ዱላውን ራሱ ሊያወዛውዝ ይፈልጋል። ባለ ሒሳቡ ግን መምታቱን ለተቀጠሩት ይተውና እርሱ ማን እንዲሰለፍ፥ ማን እንዲሸጥ፥ የደከመው ወርዋሪ መቼ እንዲወጣ ብቻ ይወስናል። ለዚህኛው ወገን በ1990ዎቹ መጨረሻ ማርኩስ ሃይንዞን የተባለ ጀርመናዊ አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል የሚባለውን ጀመረለት። ቤዝቦልን ከእናቱ ጡት ጋራ ያልጠባ የጀርመን ሰው ለአሜሪካኖች የገዛ ጨዋታቸውን ሠርቶ መስጠቱ የሚያስገርም ነው፤ ነገር ግን ቍጥር አገር የለውምና ተጫዋቾቹ በደስታ ተቀበሉት። ሁለቱ ወገኖች አንዱ ሌላውን ይነቅፋል። ባለ ሒሳቡ ባለ እጁን “ጣት እንጂ አሳብ የለህም” ይለዋል፤ ባለ እጁም “አንተ የምትጫወተው የሒሳብ ሹም ሥራ ነው” ብሎ ይመልስለታል። በቢሮ ውለው ለሚገቡ አንባቢዎቻችን ሁለተኛው ነቀፋ ምን ያህል እንደሚቈረቍር ለማስረዳት አንደክምም።

ሁለቱን ወገኖች ባንድ ገበታ ለማስቀመጥ ከሁሉ ይበልጥ የቀረበው፥ ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው ኩባንያ በካናዳ አሠርቶ በ2005 በየካቲት ወር ያወጣው ኤም ቪ ፒ ቤዝቦል 2005 ነው ብለው ብዙ ተጫዋቾች ይመሰክራሉ። ኤም ቪ ፒ ማለት ከሁሉ ይልቅ የጠቀመ ተጫዋች ማለት ነው። በሽፋኑ ላይ የታተመውም በ2004 በታላቁ ዋንጫ ይህን ማዕርግ ያገኘው የቦስተኑ ማኒ ራሚሬዝ ነበር።

ተጫዋቾቹ ያመሰገኑት ምን እንደ ሆነ ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንጻፍ፤ የነገሩ ሥር በዚህ ነውና። ወርዋሪው ሊወረውር ሲል አንድ መስፈሪያ በመስኮቱ ላይ ይታያል። ተጫዋቹ ቍልፉን ተጭኖ ኃይሉን ይለካል፤ መስፈሪያው ተመልሶ ወደ አረንጓዴው ስፍራ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ይጫናል። ቢቸኩል ወይም ቢዘገይ ኳሱ ካሰበለት ስፍራ ይስታል። አረንጓዴው ስፍራ ለጐበዙ ወርዋሪ ሰፊ፥ ለደከመው ጠባብ ነው። እንግዲህ የወርዋሪው ድካም በተጫዋቹ ጣት ላይ ይሰማል ማለት ነው፤ ባለ ሒሳቡ በቍጥር የሚያውቀውን ባለ እጁ በጭንቀት ያውቀዋል።

በመቺው በኩል ደግሞ ኳሱ ከወርዋሪው እጅ በሚወጣበት ጊዜ እንደ ውርወራው ዓይነት ልዩ ልዩ ቀለም ያሳያል። በዚህ ነገር ተጫዋቾቹ ብርቱ ክርክር ተከራክረዋል። አንዳንዶቹ፥ በሜዳ ላይ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ የሚመጣ ኳስ የለምና ይህ ማታለል ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ፥ እውነተኛው መቺ የኳሱን ስፌት አዟዟር አይቶ ዓይነቱን ይለያል፤ በመስኮት ላይ ግን ስፌቱ ስለማይታይ ቀለሙ የጠፋውን ይመልሳል እንጂ አያታልልም ብለው ይመልሳሉ። ለእኛ የሁለተኞቹ አሳብ የበለጠ መስሎ ይታየናል። እውነትን መምሰል ማለት የሚታየውን ሁሉ መገልበጥ ብቻ አይደለምና፤ ሰዓሊም ቢሆን ጥላን የሚጨምረው ፊት እንዲለይለት ነው።

ነቀፋም አልጠፋም። አስቀድመን አስታውሷት ያልናትን የነጻ መንገድ በኮምፒዩተሩ የሚመራው መቺ ከመጠን ይልቅ ጥቂት ጊዜ ብቻ ያገኛታል ብለው ያማርራሉ፤ የመጣለትን ኳስ ሁሉ ለመምታት ይቸኩላልና። ይህም የዚህ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የዓይነቱ ሁሉ የታወቀ ሕመም ነው። ትዕግሥትን ለመሣሪያ ማስተማር ኃይልን ከማስተማር ይልቅ የከበደ ሆኖ ተገኝቷል። ደግነቱ ጨዋታው ችግሩንና ቅለቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ መለኪያዎች ነበሩትና ትጉሆቹ ተጫዋቾች ለብዙ ወራት እየሞከሩ ያገኙትን ልክ አንዱ ለሌላው ያካፍሉ ነበር።

ሌላው ነቀፋ ግን ከሠሪዎቹ እጅ የወጣ ነው። የተጫዋቾቹ ማኅበር የአባላቱን ስምና መልክ ባንድነት ለኩባንያዎች ይሸጣል፤ የሳን ፍራንሲስኮው ባሪ ቦንድስ ግን ከዚህ ውል ወጥቶ ነበር። ይህ ሰው በ2001 በአንድ ዓመት 73 ጊዜ ኳሱን ከአጥር ውጭ የሰደደ፥ በ2004ም ወርዋሪዎች ስለ ፈሩት 232 ጊዜ የነጻ መንገድ የተሰጠው ነው፤ ሁለቱም ከእርሱ በፊት በማንም ያልተደረሰባቸው ቍጥሮች ናቸው። በጨዋታው ውስጥ ግን በስፍራው ጆን ዳውድ የሚባል ሌላ ስምና ሌላ መልክ ያለው ሰው ቆሞ ይታያል። ኃይሉ የቦንድስ፥ ስሙ የማንም። ተጫዋቾቹ በዚህ ብዙ ሣቁ፤ ዳውድ የሚለውም ስም ራሱ ዝነኛ ሆነ።

ነገር ግን የስም ነገር ወዲያው ሣቅ መሆኑ ቀረ። ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት በጥር 2005 ቴክ ቱ የተባለው ሌላ ኩባንያ ከከፍተኛው የቤዝቦል ድርጅትና ከተጫዋቾቹ ማኅበር ጋራ ተዋዋለ። በውሉም የጨዋታ መሣሪያ ከሚሠሩት ከራሳቸው ከባለ ፋብሪካዎቹ በቀር፥ የእውነተኞቹን ቡድኖችና ተጫዋቾች ስም ለማሳተም ከ2006 እስከ 2012 ድረስ የተፈቀደለት እርሱ ብቻ ሆነ። ስለዚህ በ2005 የተወደደው ጨዋታ በዚያው ዓመት የዘሩ መጨረሻ ሆነ ማለት ነው። ኩባንያው በ2006ና በ2007 የኮሌጆችን ቤዝቦል አወጣ፤ ከዚያም ተወው። ተጫዋቾቹ አዘኑ፥ ተቈጡም። ሆኖም ፍርድ ሳያዳሉ ነውና ይህንም መጻፍ ይገባናል፤ ውድድሩን የተከለከለው ይኸው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ከአንድ ወር በፊት፥ በታኅሣሥ 2004፥ በአሜሪካ እግር ኳስ እንዲህ ያለውን ብቸኛ ውል ለራሱ ገዝቶ ቴክ ቱን ከዚያ ሜዳ አስወጥቶት ነበር። የእግር ኳሱ ወዳጆች ያን ጊዜ ያለቀሱትን ልቅሶ የቤዝቦሉ ወዳጆች ኋላ አለቀሱት።

ባለ ፈቃዱ የቴክ ቱ ጨዋታ በቤት ኮምፒዩተር የወጣው እስከ 2012 ነው። የሶኒው ጨዋታ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ በራሱ መሣሪያ ብቻ ሲወጣ ቆይቶ በ2021 ወደ ተወዳዳሪው መሣሪያ ተሻገረ፤ እስከ 2025 ድረስ ግን ለቤት ኮምፒዩተር አልተዘጋጀም። ቀለል ያሉ ሌሎች ጨዋታዎች ወጥተዋል፤ የባለ እጁን ረኃብ ግን አላስታገሡም።

ታዲያ ባለ ኮምፒዩተሮቹ ምን አደረጉ ቢሉ፥ የ2005ቱን ጨዋታ ራሳቸው ማደስ ጀመሩ። በየዓመቱ አዲስ የገቡትን ተጫዋቾች ስም፥ አዲሱን የቡድን ልብስ፥ አዲሱን ሜዳ እየሠሩ በአሮጌው ጨዋታ ላይ ጨመሩበት። አንዳንዶቹም ወደ ኋላ ተመልሰው ያለፉትን ዘመናት ቡድኖች አስነሡ። ደመወዝ የሚከፍላቸው አልነበረም፤ ሥራቸውንም ለፈለገው ሁሉ በነጻ ይሰጡ ነበር። ይህን የሚነቅፍ ሰው፥ ወጣትነታቸውን እንጂ ጨዋታውን አይደለም የሚወዱት ይላል። ጥቂት እውነት እንዳለበት አንክድም፤ የትዝታ ማር ሁሉን ያጣፍጣልና። ነገር ግን በ2005 ሌሎችም የቤዝቦል ጨዋታዎች ነበሩ፤ ትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ሌሊት ለእነርሱም በተሰጠ ነበር።

ለቤተ ሰብ ከዚህ ምን ይገኛል? በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት የቤዝቦል ዱላ ይዘው ሲመጡ፥ አባትና እናት ሕጉን ባለማወቃቸው ከሜዳው ዳር ተቀምጠው ሌሎች ሲያጨበጭቡ አብረው ያጨበጭባሉ። እንዲህ ላለው ወላጅ መሣሪያው የማያፍሩበት አስተማሪ ነው፤ ልጁም አባቱን የማስተማር ክብር ያገኛል። ሁለት ሰው የሚጫወትበትን መምረጥና መቈጣጠሪያውን ሁለት አድርጎ መግዛት ይገባል፤ አለዚያ አንዱ ተጫዋች፥ ሌላው ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

ከመግዛት በፊትም ሻጩን ሁለት ነገር መጠየቅ መልካም ነው። መጀመሪያ፥ ጨዋታው ሙሉው በእጅ የሚገባ ነው ወይስ ከኩባንያው ጋራ በኢንተርኔት ካልተገናኘ የማይሠራ ክፍል አለው? ኩባንያው አገልግሎቱን በዘጋ ቀን ያ ክፍል አብሮ ይጠፋልና። ሁለተኛ፥ ቤት ያለው ኮምፒዩተር ይቀበለዋል ወይ? የ2005ቱ ጨዋታ በዲስክ የተሸጠ ነው፤ ከዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ ደግሞ የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። አሮጌውን ፍለጋ የሚነሣ ሰው ከጨዋታው አስቀድሞ በሽቦ የሚገጠመውን የዲስክ ማንበቢያ ይግዛ።