«ሲስተም የለም» ያልሰማሁበት ቅዳሜና እሁድ

ባለፈው ኅዳር ለአጭር ሥልጠና ሄልሲንኪ ሄጄ ነበር። መሀል ላይ አንድ ቅዳሜና እሁድ ክፍት ሆነልኝ። አብረውኝ የሄዱት ልጆች «ስቶክሆልም እንሂድ» ሲሉ እኔ ታሊንን መረጥኩ። ምክንያቴ ባብዛኛው ኪሴ ነው፣ አልዋሻችሁም። የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ከሄልሲንኪ በባሕር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። መርከቡ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሁለቱም አገሮች ሼንገን ውስጥ ስለሆኑ ያችው አንዷ ቪዛ ትሠራለች። በዚያ ላይ ማስተርሷን እዚያ የምትማር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ «ና እንጂ፣ ሁለት ቀን ይበቃሃል፣ ከተማዋን በእግርህ ትጨርሳታለህ» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነው የከረመችው።

እውነቷን ነው። ታሊን 450 ሺህ አካባቢ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ኢስቶኒያ ራሷ፣ አገሩ ሙሉ ማለቴ ነው፣ 1.4 ሚሊዮን ሕዝብ አይሞላም። መርከቡ ላይ ፊንላንዳውያን ባዶ ጋሪ እየጎተቱ ሲሳፈሩ አይቼ ነጋዴዎች መስለውኝ ነበር። ለካ ታሊን ቢራና አልኮል ስለሚረክስ ለመሸመት ነው የሚሻገሩት። የድንበር ንግድ ሞያሌ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ሁላችሁም የምታደርጉትን ነው ያደረግኩት። አሮጌውን ከተማ ዞርኩ፤ ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። የድንጋይ ግንብ፣ ቀይ የጣራ ክዳን፣ ሾጣጣ ማማ፣ በእግር የለሰለሰ ኮብልስቶን። ኮሁቱኦጻ የሚባል ከፍታ ላይ ወጥቼ ከተማውን ከነባሕሩ ከጀርባዬ አድርጌ ተነሳሁና ፖስት አደረግኩ። ላይኩ ጎረፈ። «ደልቶሃል»፣ «እኛንም አስበን»፣ «ወንድሜ እንዳትመለስ» የሚል ኮሜንት ተደረደረ። ፎቶው ላይ የማይታየው ነገር፣ ገና አስር ሰዓት ሳይሞላ ድቅድቅ ብሎ መጨለሙና ጣቶቼ ስልኩን መንካት እስኪያቅታቸው ድረስ መደንዘዛቸው ነው።

እዚያው ከፍታ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ሳር ቤት ያለውን ፑሽኪን አደባባይ የማያውቅ የለም። የገጣሚው ፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ሃኒባል ከ1742 እስከ 1752 ድረስ የዚህችው ከተማ የጦር አዛዥ ነበር፤ ያኔ ሬቫል ትባል ነበር፣ በሩሲያ ሥር። ከእኛ ወገን ይሁን ከካሜሩን በኩል ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። የሆነ ሆኖ ከ280 ዓመት በፊት አንድ ጥቁር ሰው ይቺን ከተማ አዝዞባታል፤ ብርዱን እንዴት እንደቻለው እንጃ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ታሊን ውስጥ ያስቀናኝ ነገር ፎቶ የሚነሳ አይደለም።

ከማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ጥግ አንድ መድኃኒት ቤት አለ። ስሙ በሰነድ ላይ መታየት የጀመረው በ1422 ነው። ጎብኚው ሁሉ ይገባል፣ እኔም ገባሁ፣ የድሮ ማሰሮና ብልቃጥ አየሁ፣ ወጣሁ። ከዚያ ጓደኛዬ «የአለርጂ መድኃኒቴን ልውሰድ» ብላ ሰፈሯ ወዳለ ተራ መድኃኒት ቤት ይዛኝ ሄደች። ወረቀት የለም። የሐኪም ማዘዣ የለም። መታወቂያዋን ሰጠች፣ ሴትዮዋ ስክሪኑን አየች፣ መድኃኒቱን አቀበለቻት። ሐኪሟ በስልክ አውርቷት ማዘዣውን ሲስተም ውስጥ አስገብቶታል። እንዲህ መሥራት የጀመሩት በ2010 ነው። እኔ አፌን ከፍቼ ስቀር ጓደኛዬ «ምነው?» አለችኝ። ለምዳዋለች፣ አይገርማትም።

በነገራችን ላይ ይህ ለሀብታም ብቻ የተሠራ ነገር አይደለም። የታሊን ነዋሪ ሆኖ የተመዘገበ ሰው ከ2013 ጀምሮ በከተማው አውቶቡስና ትራም በነፃ ይሄዳል። እሷ ካርዷን አስነክታ ስትገባ እኔ እንግዳው የባንክ ካርዴን አስነክቼ ከፈልኩ። ምርጫውንም ሰዉ ከ2005 ጀምሮ በኢንተርኔት መምረጥ ይችላል፤ በ2023ቱ የፓርላማ ምርጫ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድምፅ የተሰጠው እንደዚያ ነው።

ማታ ክፍሏ ውስጥ ሻይ አፍልታ ስልኳን አሳየችኝ። የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በመታወቂያዋ ገባች። አንድ ዝርዝር መጣ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የመሥሪያ ቤት ስም። «ይሄ ምንድነው?» አልኳት። «ስለ እኔ ያለውን መረጃ ማን እንደከፈተ ነው። ይቺ ዩኒቨርሲቲው ናት። ይቺ ደግሞ የትራንስፖርቱ፣ ነዋሪ መሆኔን አረጋግጠው ነው። የማይገባኝ ነገር ካየሁ ለምን ከፈታችሁ ብዬ እጠይቃለሁ፣ መልስ የመስጠት ግዴታ አለባቸው» አለችኝ። ያለ ሥራ ጉዳይ የሰው መረጃ ሲጎረጉር የተገኘ ሠራተኛ ይቀጣል። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ዝርዝሩን ሳየው ነበር።

የእናቴ ጉዳይ ነው የታወሰኝ። የአባቷ ስም አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ ፊደል ተሳስቶ ተጽፏል። እሱን ለማስተካከል አንድ መሥሪያ ቤት አምስት ቀን ተመላልሰናል፤ ሁለቱን ቀን «ሲስተም የለም» ተብለን፣ አንዱን ቀን ሰውየው ስብሰባ ገብቶ፣ አንዱን ቀን ፋይሉ ጠፍቶ። ፋይሉ ሲገኝ ከኋላው ሦስት የማናውቃቸው ፊርማዎች አሉበት። ማን ከፈተው? ለምን? ማንን ትጠይቃለህ? እናቴ «ተወው ልጄ፣ ይበቃል» አለችኝ። እንዲህ ስትል በጣም ነው የሚያናድደኝ፤ ምክንያቱም ሁላችንም እንደዚያ ብለን ነው የምንተወው።

እሁድ ቪሩ ሆቴል ገባን። በ1972 የተከፈተ፣ በሶቪየት ዘመን የውጭ አገር እንግዳ የሚያርፍበት ሆቴል ነው። አሳንሰሩ ላይ የነበረው ቁልፍ እስከ 22 ብቻ ነበር። 23ኛው ፎቅ ግን ነበረ፤ ኬጂቢ የሬዲዮ መሣሪያውን ተክሎ የሚቀመጥበት። አሁን ሙዚየም ነው፣ በአስጎብኚ ብቻ ስለሚገባ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ። በሩ ላይ በሩሲያኛ «እዚህ ምንም የለም» የሚል ጽሑፍ አለ። ሰዉ ይስቃል፣ እኔም ሳቅሁ። ውስጥ ገብታችሁ የተበጣጠሰውን ሽቦና የተሰበረውን ስልክ ስታዩ ግን ሳቁ ይቆማል።

እኔ እንደሚመስለኝ የቅዳሜው ማታ ዝርዝርና የእሁዱ 23ኛ ፎቅ የአንድ ታሪክ ሁለት ጫፎች ናቸው። ለአሥርት ዓመታት ሲደመጥ የኖረ ሕዝብ በ1991 ነፃነቱን ሲያስመልስ፣ መንግሥት መረጃውን መያዙን አልከለከለም፤ ያለ መረጃማ መንግሥት አይሠራም። የጠየቀው «እናንተ እኔን ስታዩ እኔም እናንተን ልያችሁ» ነው። ከ2002 ጀምሮ ሰዉ ኪሱ የከተታት ካርድ ያመናት ፕላስቲኳ ስላማረች አይመስለኝም።

እኛም አሁን ፋይዳ ላይ ነን። አሻራ ሰጥተናል፣ የዓይን ብሌን ሰጥተናል፣ ፊታችንን ተነስተናል፣ 12 አሃዝ ቁጥር ወስደናል። እኔ ደጋፊ ነኝ፤ የእናቴ ዓይነት ጣጣ የሚያልቀው በዚህ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ስለ ፋይዳ ስናወራ የምናወራው ስለ ሰልፉና ስለ ፎቶው ማስጠላት ነው፤ ቲክቶክ ላይ የፋይዳ ፎቶ ቀልድ ስንቱን አይተናል! አንድም ቀን ግን «ባንኩ፣ ወረዳው፣ ሆስፒታሉ መረጃዬን መቼ እንደከፈቱት በስልኬ አሳዩኝ» ብለን ስንጠይቅ አልሰማሁም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ጸድቋል፤ ሰው ስለራሱ የተያዘውን የማወቅ መብት አለው። መብቱ ወረቀት ላይ ሆኖ እኔ አምስት ቀን ተመላልሼ ከሆነ የማገኘው፣ መብት አልለውም። ስልኬ ላይ ይምጣ።

«እነሱ ትንሽ ናቸው፣ እኛ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነን» የሚል መልስ ይመጣል፤ አውቃለሁ። ብዛታችን ሥራውን ያከብደዋል፣ ልክ ነው። መብራትና ኔትወርክ የሌለው ገጠርም አለን፤ እሱን ስልክ አይፈታውም። የከፈተውን ሰው ስም መዝግቦ ማሳየት ግን በሕዝብ ቁጥር የሚከለከል ነገር አይደለም። ባንካችን ከሒሳባችን አሥር ብር ሲወጣ በሰከንድ ውስጥ መልእክት ይልክልን የለ?

ኢስቶኒያን ገነት አድርጌ አልሥላትም ደግሞ። ሲስተም እዚያም ይወድቃል። በ2007 ጸደይ በደረሰባቸው የሳይበር ጥቃት የባንክ፣ የጋዜጣና የመንግሥት ድረ ገጾች ተንበርክከው ነበር። በ2017 ደግሞ መታወቂያቸው ውስጥ ያለችው ቺፕ ላይ የደኅንነት ክፍተት ተገኝቶ 760 ሺህ ያህል ካርዶች የዲጂታል አገልግሎታቸው ታግዷል። ለዚያች አገር ከሕዝቡ ግማሽ በላይ ማለት ነው! ልዩነቱ፣ መንግሥት ራሱ ወጥቶ ችግሩን ለሕዝብ ተናገረ፤ ሰዉም ካርዱን ቤቱ ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት አደሰ። «ነገ ተመለሱ» ብቻ ተብሎ አልተሸኘም።

እንግዲህ ቪዛ ቀንቷችሁ፣ ወይ እዚያው አውሮፓ ኖራችሁ፣ ሁለት ቀን ከተረፋችሁ ፓሪስን ለሌላ ጊዜ አቆዩትና ትንሽ ከተማ ሂዱ። ግንቡን ተነሱ፣ ማን ይከለክላችኋል። ግን የምታውቁት ሰው ካለ መድኃኒት ሲገዛ፣ ትራም ሲሳፈር፣ ከመንግሥት ጋር ሲጣላ አብራችሁት ሁኑ። ትልቅ ከተማ ውስጥ ይህን ለማየት ሁለት ቀን አይበቃም፤ ታሊን ውስጥ በቅቶኛል።

እሁድ ማታ በመርከቡ ስመለስ የፊንላንዶቹ ጋሪ ሞልቷል። ያንን የስልክ ዝርዝር፣ ስሟንና ቁጥሯን ሸፍኜ፣ ስክሪንሹቱን ከማማው ፎቶ ሥር ለጠፍኩት። ጓደኛዬ ፈቅዳልኛለች። ሄልሲንኪ ስደርስ አየሁት፤ ማማው ከአራት መቶ በላይ ላይክ አለው፣ ዝርዝሩ አሥራ አንድ። ከአሥራ አንዱ አንዷ እናቴ ናት። ኮሜንትም ጽፋለች፦ «ይሄ የኔን ስም ያስተካክላል?»