ሀሊፋክስ ድረስ የታቀደው አሳ

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር በቶሮንቶው ሰፈር በፓርክዴል ባለን ሐበሾች መካከል አንድ ወሬ ይነሳል፤ "ዘንድሮስ ባሕር ሄደን አሳ እናጥምድ።" ባሕር የሚባለው ጨዋማው ነው፤ አትላንቲክ፣ ሀሊፋክስ። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሻገር ዕቅዱም አብሮ ይሰፋል። አንዱ ቫን እከራያለሁ ይላል፣ ሌላው ሌሊቱን በየተራ መንዳት ነው ይላል፣ ሦስተኛው ስለ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያስባል። በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ አዛውንት ከተገኙማ ነገሩ ሁሉ ወደ እሳቸው ይዞራል። "ጋሼ፣ ለባሕሩ እርስዎ አሉልን" ይባላሉ። እሳቸውም ስለ ንፋሱ፣ ስለ ሞገዱ፣ ስለ ዳህላክ ደሴቶች ያወራሉ፤ ወጣቶቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። ከዚያ ሰኔ ይመጣል፣ ሐምሌ ይመጣል፣ የሥራ ፈረቃ ይቀያየራል፣ የቤት ኪራይ ይጨምራል። ቫኑ ሳይከራይ መስከረም ይጠባል።

በዚህ ዕቅድ ማላገጥ አልፈልግም። ስለ ባሕር በር ሲወራ እየሰማ ያደገ ትውልድ ጨዋማ ውሃ ቢናፍቅ አይፈረድበትም። ግን ዕቅድ ነው ካልን እንደ ዕቅድ እንየው። ከቶሮንቶ ሀሊፋክስ በመኪና 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው፤ የኦንታሪዮ የማጥመጃ ፈቃድ ለባሕር አይሠራም፤ የባሕሩን አሳ የሚያስተዳድረው የፌደራሉ የአሳና የውቅያኖስ መሥሪያ ቤት ነው። ማኬሬልን የመሰለ አሳ ለራሱ ለሚያጠምድ ሰው ፈቃድ ባይጠየቅም ምን ያህል መያዝ እንደሚችል ተወስኗል። አሳው በመመናመኑ የተነሳ በ2022 መንግሥት ማኬሬልን ለንግድ ማጥመድን እስከ መዝጋት ደርሷል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ 30 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጁላይ 1992፣ የኒውፋውንድላንድ የኮድ ማጥመድ ሲዘጋ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከሥራ ውጭ ሆኗል። ባሕር አያልቅም የሚል ካለ ይህን ይስማ። ሀሊፋክስ ያለችበትን ኖቫ ስኮሺያን ከኒው ብራንስዊክ በሚለየው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። ሰዓቱን ሳያጠና ድንጋይ ላይ ቆሞ መንጠቆ የሚጥል ሰው መመለሻውን ውሃ ሊበላው ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲታቀድ ሀምበር ቤይ የሚባለው የኦንታሪዮ ሐይቅ ወሽመጥ ከፓርክዴሉ የጄምሰን ጎዳና ፎቆች ፊት ለፊት ተዘርግቶ ይታያል። ከፍ ካለው ወለል መስኮት አጠገብ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ ሰው ውሃውን ያየዋል። ማየቱን ያየዋል፤ አይሄድበትም። የእኔ ትዝብት እዚህ ላይ ነው።

ጥፋቱ የነዋሪው ብቻ አይደለም። ፓርክዴል በ1879 ራሱን የቻለ መንደር ሆኖ ሲቋቋምም፣ በ1889 ከቶሮንቶ ጋር ሲቀላቀልም፣ ወደ ሐይቁ በእግር የሚወረድበት ሰፈር ነበር። ሐይቁ ዳር ሳኒሳይድ ላይ በ1922 የተከፈተው የመዋኛ ሕንፃ ዛሬም ቆሟል። በዚያው ዓመት አጠገቡ የተከፈተው የመዝናኛ ፓርክ ግን በ1955 ተዘግቶ ፈረሰ፤ መንገድ ይመጣል ተባለ። መንገዱም መጣ። የጋርዲነር ፈጣን መንገድ የመጀመሪያው ክፍል፣ ከሀምበር ወንዝ እስከ ጄምሰን ጎዳና ያለው፣ በ1958 ተከፈተ። ለእሱ ሲባል በደቡብ ፓርክዴል የሰው ቤት ፈርሷል። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩና በውሃው መካከል የባቡር ሐዲድ፣ ቀጥሎ ጋርዲነር፣ ቀጥሎ ሌክ ሾር ቡሌቫርድ ተደርድረዋል። ከተማው ከምዕራብ በመኪና የሚመጣውን ሠራተኛ ቶሎ ወደ መሃል ለማድረስ የአንድን ሰፈር ሐይቅ ነጠቀው፤ ይህን ለስለስ አድርጎ መናገር አያስፈልግም።

የዳውሊንግ ጎዳናን ድልድይ ልጅ ይዞ የተሻገረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከሥር ባቡሩና መኪናው ሲያጓራ ከልጅ ጋር ለመነጋገር መጮህ ግድ ነው። የማጥመጃውን ዘንግ ንፋሱ ይዞት ይሄዳል፤ አንዱ እጅ ዘንጉን፣ አንዱ ልጁን፣ ባልዲው ክንድ ላይ። ጋሪ የምትገፋ እናት ሌክ ሾር ስትደርስ የመኪናው ዥረት እስኪያበቃ ቆማ ትጠብቃለች፤ አረንጓዴው ሲበራላት ደግሞ ሳትሻገር መቁጠር ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ግን ሣር ነው፣ ዛፍ ነው፣ ውሃ ነው፤ ማሪሊን ቤል ፓርክ። ማሪሊን ቤል በሴፕቴምበር 1954፣ በ16 ዓመቷ፣ ከአሜሪካው ያንግስታውን ተነስታ 21 ሰዓት ገደማ ዋኝታ እዚሁ አካባቢ የወጣች የቶሮንቶ ልጅ ናት። ሐይቁን በዋና ያቋረጠ ከእሷ በፊት አልነበረም።

"ሐይቅ ነው እንጂ ባሕር አይደል" ለሚል ሰው የጣናን ልክ ላስታውስ። የኦንታሪዮ ሐይቅ ስፋት 19,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጣናን ስድስት እጥፍ ያህል ይሆናል። የጣና ጥልቀት ከ15 ሜትር አያልፍም፤ የዚህኛው 244 ሜትር ይደርሳል። ጀልባ ይገለብጣል፣ ማዶው አይታይም። የጎደለው ጨው ብቻ ነው።

አሳውም ቢሆን የባሕር ነው። በድሮ ዘመን እዚህ የሚኖረው የአትላንቲክ ሳልሞን ነበር። ወንዞቹ በወፍጮ ግድብ ሲዘጉ፣ ደኑ ሲመነጠርና አጥማጁ ሲበዛበት በ1890ዎቹ መጨረሻ ከሐይቁ ጠፋ። ዛሬ ከሀምበር ወንዝ አፍ የሚያዘው ትልቁ አሳ ቺኑክ ሳልሞን ነው፤ በትውልድ አገሩ በፓስፊክ ጨዋማ ውሃ የሚያድግ አሳ። ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ታላላቆቹን ሐይቆች ያጥለቀለቀውን አልዋይፍ የተባለ ትንሽ አሳ እንዲበላ፣ ለአጥማጁም ደስታ እንዲሆን፣ ሰው አምጥቶ ለቀቀው። ከነሐሴ ጀምሮ ወደ ወንዙ አፍ ይሰበሰባል፤ መስከረም ላይ ሽቅብ ይወጣል፤ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። በኦልድ ሚል የባቡር ጣቢያ ወርዶ ትንሽ በእግር የሄደ ሰው ግድቡ ላይ ሲዘል ያየዋል። የሚሰበሰበው በፍልሰታ ሰሞን መሆኑ ለእኛ ሰው መልካም ግጥምጥሞሽ ነበር፤ አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ልተወውና።

ባለፈው መስከረም ሀምበር አፍ ላይ አንድ ወጣት ክንዱን የሚያህል ቺኑክ አውጥቶ ድንጋዩ ላይ አጋደመው። ጀርባው ጠቆር ብሏል፣ አፉ እንደ መንጠቆ ተቆልምሟል፣ ጅራቱ ገና ይመታል። ሁሉም ፎቶ አነሳ። ፎቶው ሲያበቃ ልጁ በአማርኛ "ይበላል እንዴ ግን?" ብሎ ጠየቀ። አንዱ "የከተማ ውሃ ነው፣ ጣለው" አለ። ሌላው "ምን ሆነና! ጭንቅላቱን በሾርባ፣ ሥጋውን በጉላሽ" አለ። ሁለቱም በግምት ነው የተናገሩት፤ ልጁም አሳውን በፌስታል አንጠልጥሎ እያመነታ ሄደ።

መልሱ ግን ተጽፎ አለ። የኦንታሪዮ መንግሥት በክልሉ የሚያዝ አሳ ስለሚበላበት ሁኔታ መመሪያ ያወጣል፤ ቦታውን፣ የአሳውን ዓይነትና ርዝመቱን ይዞ ለሚጠይቅ ሰው በወር ስንት ጊዜ ሊበላው እንደሚችል ይነግረዋል። በመውለድ ዕድሜ ላሉ ሴቶችና ለሕፃናት የሚሰጠው ቁጥር ለብቻው ነው፣ ዝቅም ይላል። አሳው በገዘፈና ባረጀ መጠን ብክለቱ በውስጡ ይከማቻል፤ ስለዚህ ፎቶ የሚያምርበት ትልቁ አሳ ለማዕድ የሚመረጠው አይደለም። ፒሲቢ የሚባለው ኬሚካል የሚቀመጠው ስቡ ውስጥ ነው። ቆዳውን መግፈፍ፣ የጀርባና የሆዱን ስብ ቆርጦ መጣል፣ ስቡ እንዲንጠባጠብ አድርጎ መጥበስ ይቀንሰዋል። ሜርኩሪ ግን ሥጋው ውስጥ ስለሆነ ቢላ አያወጣውም። እኛ ደግሞ አሳን ከነቆዳው፣ ከነጭንቅላቱ፣ ዘይት ውስጥ መክተት እንወዳለን። የቶሮንቶ የውሃ ዳርቻ በ1987 በታላላቆቹ ሐይቆች ላይ አሳሳቢ ተብለው ከተለዩት ሥፍራዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ብዙ ተሻሽሏል፤ ሆኖም በአሮጌው የከተማ ክፍል ዝናቡና ፍሳሹ በአንድ ቱቦ ስለሚሄዱ፣ ዶፍ ሲወርድ የተረፈው ወደ ሐይቁ ይገባል። ከዶፍ ማግስት መንጠቆን ቤት መተው ነው።

እዚህ ላይ ማኅበሮቻችንን መውቀስ እፈልጋለሁ። ለአዲስ መጤ ሰው የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍ እናስተምራለን፣ ስለ ግብር እናስረዳለን፤ የዚህን ውሃ ጠባይ ግን ማንም ለማንም አልነገረም። ከመሃላችን ሐዋሳ አሞራ ገደል ያደገ አለ፣ ባሕር ዳር ታንኳ የቀዘፈ አለ፤ አሳ መበለት የሚያውቅ ሰው አላጣንም። ያጣነው የዚህን አገር ደንብ ከዚያ ዕውቀት ጋር አገናኝቶ አንድ ገጽ በአማርኛ የሚጽፍ ነው። ለምሳሌ ሳልሞን ወንዝ ውስጥ ሲጨናነቅ ባዶ መንጠቆ ጎትቶ ሆዱን ወይም ጅራቱን መውጋት ክልክል ነው፤ አሳው በአፉ መያዝ አለበት። ሐይቁ በደንቡ ዞን 20 ውስጥ ይገባል፤ ወንዙ ሽቅብ ሲኬድ የራሱ ክልከላ ስላለው ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ይህን ያልሰማ ሰው ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚቀጣው በክፋት አይደለም፣ ባለማወቅ ነው፤ ቅጣቱ ግን ያው ነው። ከተማውም በበኩሉ ፓርክ ሠራሁ ብሎ መኩራት አይበቃውም፤ በጄምሰን ፎቆች ውስጥ ስንት ቋንቋ እንደሚነገር እያወቀ የውሃ ዳር ማስታወቂያውን በእንግሊዝኛ ብቻ መትከሉ ሰውን አልጠራሁም ማለቱ ነው።

የሀሊፋክሱ ጉዞ ይቅር አላልኩም። ይሁን፤ ግን የመጀመሪያው የባሕር ትምህርት ሀምበር ቤይ ላይ ቢሰጥ ምን አለበት? በኦንታሪዮ ፈቃድ የሚጠየቀው ከ18 እስከ 64 ዓመት ያለው ነው። ልጆቹ በነፃ ያጠምዳሉ። የምጽዋው ጋሼም 65ን ካለፉ መታወቂያቸውን ኪሳቸው ከተው በነፃ ያጠምዳሉ። ፈቃድ የሚያስፈልገው በፈረቃ የሚሠራው፣ መሃል ላይ ያለው አባት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በጁን ወር በአባቶች ቀን ቅዳሜና እሑድ የካናዳ ነዋሪ እስከሆነ ድረስ ያለ ፈቃድ ይፈቀድለታል። ለቫን ኪራይ ከሚዋጣው ገንዘብ ላይ ሁለት ዘንግና አንድ መረብ ይገዛ፤ ጋሼም ስለ ንፋሱ የሚያወሩትን ውሃው ዳር ቆመው ያውሩ።