«ልጅ ምን ያውቃል» እያልን የምናሳድገው ጥላቻ



ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ሁለት ሳምንት አመንትቻለሁ። የምወቅሰው እኛኑ ነው፤ ከሁሉም በፊት ራሴን። ቅር የሚለው ሰው ካለ ከወዲሁ ዐፉ ይበለኝ።

እዚህ ደብረ ኤልያስ ልጆቻችን ከዐስር ሶላት በኋላ ሉሃቸውን አስቀምጠው እስከ መግሪብ ይጫወታሉ። ጨዋታቸው ጦርነት ነው። የበቆሎ አገዳ ጠመንጃ፣ የጤፍ ጭድ ክምር ምሽግ ይሆናል። ይህ ብቻ ቢሆን አልጽፍም ነበር። እኛም በልጅነታችን በላይ ዘለቀና ጣሊያን እየሆንን ተጋድለናል፤ «ጣሊያን አንተ ነህ» የተባለው እያለቀሰ ቤቱ ይገባ ነበር። የአሁኖቹ ግን ጠላት የሚሆነውን ልጅ የሚመርጡበት መንገድ አላቸው። ከአባይ ማዶ፣ ከወለጋ ተፈናቅሎ ከቤተሰቡ ጋር የመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ። አማርኛው ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይላል። «አንተ ሸኔ ነህ» አሉት። ምንም ሳይል ሄዶ ከጭዱ ጀርባ ቆመ። እየጮኹ መጡና «ገደሉት»። በማግስቱም እሱ ነበር ሸኔ። በሦስተኛው ቀን ማንም ሳይነግረው ራሱ ሄዶ ከጭዱ ጀርባ ቆመ።

ሱብሓነላህ! የዚህ ልጅ ቤተሰብ ከወለጋ የተሰደደው «መጤ አማራ» ተብሎ ነው። ሰኔ 11/2014 ቶሌ ላይ ያለቁት ወገኖቻችን አብዛኞቹ ሙስሊሞች እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ አልቅሰንላቸዋል፣ ዱዓ አድርገንላቸዋል። ከዚያ እልቂት አምልጦ የመጣን ልጅ እኛ ሰፈር ሲደርስ በአነጋገሩ ምክንያት ጠላት አደረግነው። «አደረግነው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ልጆቹ ከየት አመጡት?

ሰብስቤ ጠየቅኋቸው። አንዱ «አባባ ከሰዎች ጋር ሲያወራ ሰምቼ» አለ። ሌላው ስልክ ላይ ያየውን ቪዲዮ ነገረኝ። ሦስተኛው አንገቱን ደፍቶ ቆየና «ኡስታዝ፣ አንተም እኮ ስለ የሁዶች እንደዚያው ትላለህ» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ከመስከረም 26/2016 በኋላ፣ የጋዛ ሕፃናት በቦምብ ሲያልቁ በየምሽቱ ሳይ፣ ውስጤ ተቃጥሎ ለልጆቹ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ። የጋዛ ግፍ ግፍ ነው፤ ስለ እሱ ከተናገርኩት አንዲት ቃል አልመልስም። ግን «የእስራኤል ጦር» ማለት ሲገባኝ «የሁዶች» እል ነበር። «ይህ መንግሥት» ማለት ሲገባኝ «እነዚህ ሕዝቦች» እል ነበር። ዛሬ በእኛ ቁርኣን ቤት ዳቦውን ለጓደኛው ያላካፈለ ልጅ «የሁዲ» ተብሎ ይሰደባል። አንዳቸውም የሁዲ አይተው አያውቁም። ከእኛ ብዙም ሳይርቁ ጎንደር ውስጥ ሲኖሩ የነበሩትን፣ ሸክላ እየሠሩና ብረት እየቀጠቀጡ «ቡዳ» እየተባሉ የኖሩትን ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ማንም አልነገራቸውም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአንድ የሁዲ አስከሬን ሲያልፍ ተነስተው መቆማቸውን፣ ሰሓቦቹ ሲጠይቋቸውም እሱም ነፍስ መሆኑን እንዳስታወሷቸው ቡኻሪ ዘግቦታል። ይህን ሐዲስ እኔ ራሴ ቀርቼዋለሁ። ለልጆቹ ግን አልነገርኩም።

«ልጅ ምን ያውቃል?» ትሉኝ ይሆናል። ሁሌም የምንለው ይህንኑ ነው። ልጅ አጠገባችን ቁጭ ብሎ እያለ ቡና እየጠጣን አንዱን ብሔር በጅምላ እንራገማለን፤ ልጁ ቀና ብሎ ሲያየን «ሂድ ተጫወት» እንለዋለን። እሱም ሄዶ ይጫወታል፤ ጨዋታውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ሰው ሁሉ በፊጥራ እንደሚወለድ፣ የሚለውጡትም ወላጆቹ እንደሆኑ የሚናገረውን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም የለም። ሐዲሱን ግን የምናነሳው ስለ ሌላ ሰው ልጆች ስንናገር ነው።

ደግሞ ጊዜውን አስቡት። ከ2015 ክረምት ወዲህ ጦርነቱ ደጃችን ድረስ መጥቷል። በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት ውለዋል። መምህር የለ፣ መጽሐፍ የለ። ቀኑን ሙሉ የሚሰሙት የእኛን ወሬ ነው። የተኩስ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ማን እንደተኮሰና ለምን እንደተኮሰ የሚነግራቸው ፍርሃት የያዘው አባት ነው። የፈራ ሰው ደግሞ ቃል አይመርጥም። የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 24/2013 ሲጀመር ከዛሬዎቹ ልጆች ብዙው ገና አፉን እየፈታ ነበር። በመንግሥት ሚዲያ ሳይቀር «አረም»፣ «ነቀርሳ» የሚሉ ቃላት በሚነገሩበት ዘመን ነው ቋንቋ የለመደው። በፕሪቶሪያ ጥቅምት 23/2015 ሰላም ተፈረመ ተባለ። ቃላቱን ግን ከልጆቹ አፍ ያወጣ ሰው የለም።

እኛ ሙስሊሞች ከሌላው ይልቅ ይህን ልናውቀው ይገባን ነበር። አባቶቻችን በዚህች ሀገር ላይ «እስላም ሀገር የለውም» እየተባሉ አድገዋል። በንጉሡ ዘመን ስማችን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ነበር፤ ተከራይ ይመስል! ሚያዝያ 12/1966 አዲስ አበባ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ አደባባይ የወጣው ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ተብሎ ለመጠራት ጭምር ነው። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት እያለሁ «ወደ መካህ ሂድ» ተብያለሁ። ያለኝ ልጅ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ እርሳስ አበድረኝ ስለው አበድሮኝ ያውቃል። ቤቱ የሰማውን ነው የደገመው። ታኅሣሥ 10/2012 ሞጣ ላይ መስጂዶቻችን ሲቃጠሉና ሱቆቻችን ሲዘረፉ ስንቶቻችን «እነዚህ ልጆች ይህን ጥላቻ ከየት ተማሩት?» ብለን ጠየቅን። ጥያቄው ትክክል ነበር። ዛሬ ደግሞ የእኛው ልጆች ስለ ትግራዩ፣ ስለ ኦሮሞው፣ ስለ ሱዳኑ ለሚናገሩት ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ አለብን።

ነጃሺን እናንሳ። የሂጅራን ታሪክ ልጆቻችን በቃላቸው ያውቁታል። ጃዕፈር (ረ.ዐ.) በንጉሡ ፊት ሲናገር፣ ቁረይሾች ስጦታ ይዘው መጥተው ስደተኞቹን አሳልፈህ ስጠን ሲሉት፣ ንጉሡ እምቢ ሲል ስንተርክላቸው ዓይናቸው ያበራል። እነዚያ ሰሓቦች ለዚህ ምድር ባዕድ ነበሩ፤ ቋንቋቸው ሌላ፣ ሃይማኖታቸው ሌላ። ያ መስጂድ ያለው ትግራይ ውስጥ ነው። ኅዳር 2013 በጦርነቱ ተመትቶ ሲጎዳ ከእኛ መካከል ዝም ያለው ብዙ ነው። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ። ቦታው የማን እጅ ላይ እንዳለ አስቤ ነው ዝም ያልኩት፤ አላህ ይማረኝ። አዲስ አበባ መስጂድ ደጃፍ ላይ ልጅ አዝለው የሚለምኑትን ሶሪያውያን «እነዚህ ደግሞ ከየት መጡብን» ስንል ልጆቻችን እጃችንን ይዘው አጠገባችን ቆመዋል። ማታ ደግሞ የነጃሺን ታሪክ እንነግራቸዋለን።

አንድ የማከብረው ወንድም ይህን ስነግረው «ታዲያ ልጆቻችን ጠላታቸውን ሳያውቁ ይደጉ? ማይካድራን እንርሳ? ጭናን እንርሳ?» አለኝ። አንርሳ። የሆነውን ንገሯቸው፣ ያደረገውንም በስሙ ጥሩት። ሱረቱል ማኢዳ ውስጥ አላህ የሕዝብ ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ሲያዝዘን ጥላቻ የሚያመጣ ነገር አልደረሰባችሁም አላለንም። የበደለህን ሰው ለልጅህ መንገር አንድ ነገር ነው፤ ያ ሰው የሚናገረውን ቋንቋ የሚናገር ሁሉ በዳይ ነው ብሎ መንገር ሌላ ነው። ሁለተኛውን የሰማ ልጅ ከጭዱ ጀርባ የሚያቆመው ሰው ፈልጎ አያጣም። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ያን የመሰለ ሰሓባ ሆነው አንድን ሰው በእናቱ ምክንያት ሲያነውሩ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የጃሂሊያ ቅሪት እንዳለባቸው ፊት ለፊት ነግረዋቸዋል። አቡ ዘር ያልጠሩበት ነገር እኔና አንተ ጠርተንበታል?

ባለፈው ሐሙስ የተፈናቃዩን ልጅ አባት ሱቅ ደጃፍ አገኘኋቸውና ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ስለ ጨዋታው አልሰሙም ነበር። ስነግራቸው ፈገግ አሉ። «ኡስታዝ፣ ቤት እኮ ታናሽ ወንድሙን ትግሬ እያደረገ ነው የሚጫወተው» አሉኝ። ከዚያም ሳቅ ብለው «ልጅ አይደል፣ ምን ያውቃል» አሉ።