ባለቤቱ የማይፈታው ብሎን

የአዲስ ሞተር ሳይክል ማስታወቂያ ብዙ ይናገራል። ፍጥነቱን፣ ጉልበቱን፣ ስክሪኑን፣ በአንድ ታንክ ወይም በአንድ ቻርጅ የሚሄደውን ኪሎ ሜትር ይዘረዝራል። አንድ ነገር ግን አይናገርም፦ ከከተማ 200 ኪሎ ሜትር ርቆ ቀጥ ቢል ማን ይጠግነዋል?

ይህ የጋራዥ ወሬ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። ጥያቄው የባለቤትነት ነው። ገንዘብ ከፍሎ፣ ታርጋ አውጥቶ፣ በስሙ አስመዝግቦ፣ ነገር ግን የራሱን ንብረት ከፍቶ ማየት የማይችል ሰው ባለቤት ሳይሆን ተከራይ ነው። ኪራዩን የሚጠየቀው ደግሞ ንብረቱ የተበላሸበት ዕለት ነው።

ለዚህ ክርክር ከሁሉም የተሻሉ ምስክሮች በሞተር ሳይክል አህጉር ያቋረጡ ሰዎች ናቸው። ባለመኪና መለዋወጫ ይጭናል፣ ትርፍ ጎማ ይይዛል፣ ሲመሽበት ውስጥ ይተኛል። ሞተረኛ ይህ ሁሉ የለውም። ጥቂት ቁልፍ፣ አንድ ፒንሳ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ የጎማ መለጠፊያ፤ ያለው ይኸው ነው። የተበላሸውን እዚያው ይጠግናል፣ አለዚያ እዚያው ያድራል።

በሽቦ የታሰረችው ኖርተን

እ.ኤ.አ. በጥር 1952 የ23 ዓመቱ የሕክምና ተማሪ ኤርኔስቶ ጌቫራ፣ በኋላ ዓለም «ቼ» ያለው፣ ከጓደኛው ከአልቤርቶ ግራናዶ ጋር ከአርጀንቲና ጉዞ ጀመረ። የያዟት ሞተር እ.ኤ.አ. የ1939 ስሪት፣ ባለ 500 ሲሲ ኖርተን ነበረች። «ላ ፖዴሮሳ» ይሏታል፤ «ኃያሏ» ማለት ነው። ኃያልነቷ ግን ከስሟ አላለፈም። በፓታጎንያ ኮረኮንች ነጂዎቿን ደጋግማ እየጣለች፣ የተሰበረባት በሽቦ እየታሰረ ነው የሄደችው። ቺሊ ውስጥ ላውታሮ በምትባል ከተማ የአካባቢው መካኒኮች ተረባርበውባታል። በመጨረሻ አልቻለችም። በጭነት መኪና ተጭና ሳንቲያጎ ደረሰችና እዚያው ቀረች።

«ታዲያ ይህ ለክርክሩ ምን ይጠቅማል? ሞተሯ ተሸንፋለች» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ተሸንፋለች። የ13 ዓመት አሮጌ ማሽን ነበረች፤ ማሽን ደግሞ ያረጃል። ነገር ግን ያን ሁሉ መንገድ የሄደችው ወኪል ጋራዥ ሳይኖራት፣ ኮምፒውተር ሳይሰካባት፣ አምራቿ የት እንደደረሰች ሳያውቅ ነው። በየመንደሩ ያገኟት ሰዎች ኖርተን አይተው የማያውቁ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሲከፍቷት ግን ምን እንደሆነች ይገባቸዋል። ቤንዚን ይገባል፣ እሳት ይነሣል፣ ሰንሰለት ይዞራል። ማሽኗ ለሚያያት ሰው ሁሉ የተገለጠች ነበረች።

ጋዜጠኛው ቴድ ሳይመን ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 1973 ከለንደን ተነሣ። ሞተሩ ባለ 500 ሲሲ ትራያምፍ ነበር። አራት ዓመት ፈጀበት፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ አፍሪካን ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያም ደቡብ አሜሪካን፣ አውስትራሊያንና እስያን አዳርሶ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደ። ሳይመን መካኒክ አልነበረም። ሙያው መጻፍ ነው። ሞተሩን መፍታትና መግጠም የተማረው መንገድ ላይ፣ ሞተሩ ሲቆምበት ነው። መማር የቻለው ደግሞ ሞተሩ እንዲማሩት ስለሚፈቅድ ነው። ይህች ፍሬ ነገር ትያዝ።

ሞንጎሊያ ላይ የሆነው

አሁን 31 ዓመት ወደፊት። እ.ኤ.አ. በ2004 ተዋንያኑ ዩዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቦርማን ከካሜራ ባለሙያቸው ከክላውዲዮ ቮን ፕላንታ ጋር ከለንደን ተነሥተው በምሥራቅ በኩል ኒውዮርክ ገቡ። የያዙት በጊዜው ለረጅም ጉዞ ምርጥ ከሚባሉት አንዱ የሆነውን ትልቁን ቢ ኤም ደብሊው ነበር፤ ባለ 1150 ሲሲ፣ ፍሬኑ በኤሌክትሮኒክስ የሚታገዝ። ከኋላቸው የድጋፍ መኪኖች ነበሩ።

ሞንጎሊያ ላይ መንገዱ አሸነፋቸው። ፍሬም ተሰበረ። የተሰበረ ብረት አዲስ ነገር አይደለም፤ የአገሬው በያጅ በየደው። ኤሌክትሮኒክሱ ግን ሌላ ጉዳይ ሆነ። የክላውዲዮ ሞተር በመኪና ተጭኖ ወደ ኡላንባታር ሲላክ፣ እሱ ጉዞውን እንዲቀጥል የራሺያ ስሪት የሆነች ኢዥ ፕላኔታ ተገዛለት። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቃጥሎ የሚያልቅ፣ ዋጋዋ ከቢ ኤም ደብሊው ጋር የማይወዳደር ሞተር።

ኢዥ ከቢ ኤም ደብሊው ትበልጣለች የሚል ሰው የለም። ኢዥም ትበላሻለች፣ ምናልባትም ቶሎ ቶሎ። ልዩነቱ ሲበላሹ የሚሆነው ነው። ኢዥ ስትቆም በዚያ አገር ፈትቶ የሚገጥማት ሰው ይገኛል። ውዱ ሞተር ሲቆም ግን ሞተሩ ራሱ ተጓዥ ዕቃ ሆነ፤ ተሸካሚው ተሸካሚ አስፈለገው።

ጥፋቱ የሞንጎሊያው በያጅ አይደለም። በያጁ ብረት ያውቃል፤ የተጠየቀውም ብረት ነው። ዘመናዊ ሞተር ላይ ብየዳ ከመደረጉ በፊት ባትሪው መነጠል፣ ኤሌክትሮኒክሱ መጠበቅ እንዳለበት የሚነግር ጽሑፍ ሞተሩ በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ አለ። ሞተሩ በሚሰበርበት ቦታ የለም። ነገሩ ይኸው ነው።

«የመንገድ ዳር ጥገና ሰው ይገድላል»

ተቃዋሚዎች የሚያነሡት አንድ ከባድ ነጥብ አለ፤ ሊታለፍ አይገባም። በሽቦ የታሰረ ፍሬን ሰው ይገድላል። በግምት የተበየደ መሪ ቁልቁለት ላይ ይለያያል። ዘመናዊው ፍሬን፣ ጎማው እንዳይቆልፍ የሚከላከለው፣ የሞተረኞችን ሕይወት የሚያተርፍ ነገር ነው። ይህን የካደ ሰው ስለ ሞተር ባይናገር ይሻላል።

ግን ከዚህ እውነት የተሳሳተ መደምደሚያ ይወጣል፦ «ስለዚህ ከተፈቀደለት ጋራዥ በቀር ማንም አይንካው።» የተፈቀደለት ጋራዥ ሁልጊዜ ዐዋቂ ነው ያለው ማን ነው?

አሜሪካዊው ሮበርት ፐርሲግ እ.ኤ.አ. በ1968 ልጁን ከኋላ አስቀምጦ በሆንዳ ሞተር ከሚኒያፖሊስ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዷል፤ ጉዞውን መሠረት አድርጎ የጻፈው መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1974 ወጥቶ በሚሊዮን የሚቆጠር አንባቢ አገኘ። እዚያ ውስጥ አንድ ታሪክ አለ። ሞተሩ ሲበላሽ ጋራዥ ያስገባዋል። ወጣቶቹ መካኒኮች ሬዲዮ ከፍተው፣ እየሣቁ፣ በመዶሻ እየመቱ ይባስ ያበላሹታል። ደጋግሞ ይመልስላቸዋል፤ አይድንም። በኋላ ራሱ ፈትቶ ሲያየው ችግሩ የዘይት መተላለፊያ ላይ የተቆረጠች የ25 ሳንቲም ፒን ሆና ተገኘች።

ሌላም አለ። አብሮት የሚጓዘው ወዳጁ ውድ ቢ ኤም ደብሊው ይነዳል። መሪው ላልቶ ይንሸራተትበታል። ፐርሲግ ከቢራ ጣሳ ቀጭን ቆርቆሮ ቆርጦ ቢያስገባበት እንደሚጠብቅ ይነግረዋል። ቆርቆሮው ለስላሳ ነው፣ አይዝግም፣ ለሥራው የተፈጠረ ይመስላል። ወዳጁ ግን ቅር ይለዋል። እንዴት ተደርጎ ነው በዚህ ሞተር ላይ የቢራ ጣሳ የሚገባው!

ይህ ንቀት የአሜሪካ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባም አለ። ጎሚስታውን «ቅባታም» ብሎ የሚያልፍ፣ መካኒኩን «ልምድ እንጂ ዕውቀት የለውም» የሚል፣ ሞተሩ ወይ መኪናው የቆመ ዕለት ግን መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው። ደኅንነት የሚጠበቀው ይህን ሰው ከሥራው በማባረር አይደለም። ማኑዋል በመስጠት፣ በማሠልጠን፣ ትክክለኛውን መለዋወጫ እጁ ላይ በማድረስ ነው። መረጃ የተነፈገ መካኒክ በግምት ይሠራል። በግምት እንዲሠራ ያደረገው ደግሞ መረጃውን የቆለፈው ነው። ቆልፎ ሲያበቃ «አያችሁ፣ በግምት ነው የሚሠራው» ይላል።

ቁልፉን ማን ያዘው?

ነገሩ ቅሬታ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ አገራት ሕግ እያወጡበት ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በሞተር ሳይክል አምራቹ በሃርሊ ዴቪድሰን ላይ እርምጃ ወስዷል። ምክንያቱ ዋስትናው ላይ የሰፈረ ቃል ነው፦ ደንበኛው የሌላ አምራች መለዋወጫ ከተጠቀመ ዋስትናውን ሊያጣ ይችላል የሚል። ኮሚሽኑ ይህ ሕገ ወጥ ነው አለ፤ ኩባንያው ቃሉን እንዲያወጣና ለደንበኞቹም እንዲያሳውቅ ታዘዘ። የተጠቀሰው ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የነበረ ነው።

የማሳቹሴትስ ግዛት ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2012 ድምፅ ሰጥቶ የመኪና አምራቾች ለራሳቸው ጋራዥ የሚሰጡትን የምርመራና የጥገና መረጃ ለባለቤቱና ለማንኛውም ጋራዥ እንዲሸጡ አስገደደ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዳግም ድምፅ ሰጥቶ መኪናው በአየር የሚልከውን መረጃም ጨመረበት። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 የመጠገን መብት መመሪያ አጽድቋል። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት በዋናነት የቤት ዕቃና ስልክ ናቸው፤ መርሁ ግን ግልጽ ነው። አምራች በሶፍትዌር ወይም በውል ጥገናን ማገድ የለበትም።

እነዚህ በየከተማው ወኪል ጋራዥ ያላቸው፣ መለዋወጫ በሁለት ቀን የሚደርስላቸው አገሮች ናቸው። እነሱ ካሳሰባቸው፣ ከአዲስ አበባ ሞያሌ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳበት አገር ምን ሊያሳስበው ይገባል?

ኢትዮጵያ ላይ ሲደርስ

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ ወስናለች። ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክልም እየገባ፣ እየተገጣጠመ ነው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ፣ መብራት ግን ከራሱ ወንዝ ለሚያመነጭ አገር ውሳኔው ምክንያት አለው። ክርክሩ እሱ ላይ አይደለም።

እንዲያውም ኤሌክትሪክ ሞተር በባሕርዩ ለመንገድ ዳር ጥገና የሚመች መሆን ነበረበት። ካንዴላ የለው፣ ካርቡሬተር የለው፣ የሞተር ዘይት የለው። የሚንቀሳቀሰው ክፍል ጥቂት ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፦ የታሸገ ባትሪ፣ የተቆለፈ መቆጣጠሪያ፣ በአምራቹ መሣሪያ ብቻ የሚነበብ የብልሽት ኮድ። ባትሪው ውስጥ ጥቂት ሴሎች ቢሞቱ፣ ማሸጊያው የማይከፈት ከሆነ ሙሉው ባትሪ ይቀየራል። ባትሪው ደግሞ የዋጋው ትልቁ ክፍል ነው።

ማክግሬገርና ቦርማን እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንኑ ሞክረውታል። በኤሌክትሪክ ሃርሊ ከአርጀንቲና ደቡብ ጫፍ ተነሥተው ሎስ አንጀለስ ገቡ። በደቡቡ ብርድ ያስቸገራቸው ብሎን አልነበረም፤ ቻርጅ ነበር። ደረሱ፤ ከኋላቸው ግን የአምራቾቹ ድጋፍ ነበር። የመተማው ወይም የጂንካው ሞተረኛ ከኋላው ማን አለው? ስክሪኑም ማኑዋሉም በቻይንኛ የሆነ መኪና ገዝቶ የማስጠንቀቂያ ጽሑፉን በስልኩ እያስተረጎመ የሚነዳ ሰው ከኋላው ማን አለው?

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ነገር ከባድ አይደለም። ለሚገባና ለሚገጣጠም ተሽከርካሪ ፈቃድ ሲሰጥ አራት ነገር ይጠየቅ።

አንደኛ፣ የጥገና ማኑዋል በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች፣ ለማንኛውም ጋራዥ።

ሁለተኛ፣ የብልሽት ኮድ የሚያነብበው መሣሪያና ሶፍትዌር በተመጣጣኝ ዋጋ ለገበያ።

ሦስተኛ፣ ቶሎ የሚያልቁ መለዋወጫዎች ለተወሰነ ዓመት በአገር ውስጥ እንዲገኙ የአስመጪው የጽሑፍ ግዴታ።

አራተኛ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሰው ስለሚገድል፣ በየክልሉ ለመካኒኮች ሥልጠና። አደጋው መቆለፊያ ሳይሆን ሥልጠና ነው የሚጠይቀው።

አስመጪው «ይህ ዋጋ ይጨምራል» ይል ይሆናል። ሊጨምር ይችላል። ግን ዋጋው አሁንም አለ፤ ልዩነቱ የሚከፍለው ሰው ነው። ዛሬ የሚከፍለው በብድር ሞተር ገዝቶ፣ ለአንድ ሴንሰር ሳምንታት ቆሞ፣ ዕዳው ግን አንድ ቀን የማይቆምለት ወጣት ነው።

የአገሬው ሰው እጁ ላይ የሌለ ሀብት የሚቆጥርን ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይለዋል። ላሟ ዛሬ ሰማይ ላይ አይደለችም፤ መንገድ ዳር ቆማለች። ባለቤቷ አጠገቧ ተቀምጧል። ቁልፍ ይዟል፣ ፒንሳ ይዟል፣ ከጎኑ ሠላሳ ዓመት የሠራ መካኒክ አለ። የጎደለው ፈቃድ ብቻ ነው። ያንን ፈቃድ የሰው አገር አምራች በራሱ ጊዜ አይሰጥም። የአገር ሕግ ያስገድደዋል፣ አለዚያ ሞተሩ እዚያው ያድራል።