ደጁ ሲዘጋ ማን ይጠየቃል?

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በመላ ኢትዮጵያ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከገበታቸው ተነሡ። ትምህርቱ በራዲዮ ይቀጥላል ተባለ፤ ዳሩ ግን ራዲዮ የሌለው የሉማሜ አካባቢ አርሶ አደር ልጅ ከምን ያዳምጥ? ለልጃገረዷማ አደጋው የከፋ ነበር፤ ያለዕድሜ ጋብቻ ሥር በሰደደበት በጎጃም ምድር ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሽማግሌ መንገድ ይከፈታል።

ጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ከገጠር የጀመረው መልሶ መከፈት በአንድ ክፍል ከ25 ያልበለጡ ተማሪዎች በፈረቃ እንዲማሩ ግድ አለ። መምህሩ አንዱን ትምህርት ለየፈረቃው እየደጋገመ ድርሻውን ተወጣ። ያልተመለሰውን ፈልጎ ማምጣት ግን የተደራጀው ሕዝብ ተግባር ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማይሙን መዝግበው ገበታ ላይ ያስቀመጡት የቀበሌና የገበሬ ማኅበራት ነበሩ። የዛሬው የቀበሌ ነዋሪስ ከጎረቤቱ የቀረችውን ልጃገረድ ስም ያውቃልን?